የማያጣብቅ መጥበሻ ልትገዙ ነው? ሽፋኑ ብረቱን በምን እንደያዘ እዩ

ባለፈው ዓመት ከሐይቅ የመጣ ቆሮሶ እየጠበስኩ ነበር። ዓሣውን ልገለብጥ ስል ቆዳው መጥበሻው ላይ ቀረ። ጠጋ ብዬ ሳየው መሃሉ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ልጣጭ ተነስታለች። ሥሯ የሚያብረቀርቅ ባዶ አሉሚኒየም ነው። ጠርዟን በጥፍሬ ነካ ሳደርጋት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተከተለችኝ። መጥበሻው ገና አራት ወሩ ነበር። ደሴ ላይ ስገዛው ባለሱቁ "እህቴ፣ ይሄ ዕድሜ ልክ ነው" ብሎኝ ነበር።

እዚያው ማድቤት ውስጥ የእናቴ ሸክላ ምጣድ አለ። ስድስት ዓመት እንጀራ ተጋግሮበታል። አንድም ልጣጭ አልተነሳበትም። እንጀራው ዛሬም ሰተት ብሎ ሰፌዱ ላይ ይወጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ አለኝ። ምንም ነገር የማይዘው ሽፋን፣ እሱ ራሱ ብረቱ ላይ በምን ተያዘ?

መልሱን ካወቅሁ በኋላ መጥበሻ የምመርጥበት መንገድ ተለወጠ። አሁን ሁለት ነገር ነው የማየው፤ ሽፋኑ ከሥር የተያዘበትን መንገድና የምናበስልበትን እሳት። ቀለሙ፣ የድንጋይ ምስሉ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ነገሩ እንዴት ይያዛል?

ቴፍሎን የምንለው ነገር የኬሚካል ስሙ ፒቲኤፍኢ ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በዱፖንት ኩባንያ የሚሠራው ኬሚስት ሮይ ፕላንኬት ሳያስበው ነው ያገኘው። የማቀዝቀዣ ጋዝ ላይ እየሠራ ነበር። ጋዝ የሞላው ሲሊንደር ሲከፈት ምንም አልወጣም። ውስጡ ነጭና የሚያሟልጭ ዱቄት ሆኖ ጠበቀው። ይህ ነገር ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ነው፤ ዙሪያውን ፍሎሪን አልብሶታል። ፍሎሪኑ ካርቦኑን በጣም አጥብቆ ስለያዘው ከሌላ ነገር ጋር መያያዝ አይፈልግም። ውሃ አይዘውም፣ ዘይት አይዘውም፣ እንቁላል አይዘውም። ብረትም አይዘውም። ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

ይህን የፈታው ማርክ ግሬጓር የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። ቴፍሎኑን ለዓሣ ማጥመጃ ዕቃው ይጠቀምበት ነበር። በ1954 ባለቤቱ ኮሌት ለምን በማብሰያ ዕቃዎቿ ላይ እንደማይሞክረው ጠየቀችው። አሉሚኒየሙን በአሲድ አስበላው። ላዩ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ተሞላ። ቴፍሎኑን ቀብቶ በኃይለኛ ሙቀት ሲጋግረው ጉድጓዶቹ ውስጥ ገብቶ ቀረ። በ1956 ቴፋል የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ። ስሙም ከቴፍሎንና ከአሉሚኒየም የተገጣጠመ ነው።

ቤት ያስለሰነ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ለስላሳ ግድግዳ ልስን አይይዝም። ግንበኛው መጀመሪያ በመሮ ይቦረቡረዋል። ሲሚንቶው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ መውጫ ያጣል። ግድግዳው ሳይቦረቦር የተለሰነ እንደሆነ ግን አንድ ክረምት ሳይሞላው እየተገመሰ ይወድቃል።

ዛሬ ፋብሪካዎች ከአሲድ ይልቅ ብዙ ጊዜ ጠንካራ አሸዋ መሰል ብናኝ በአየር ግፊት ይረጩበታል። ብረቱ ይሻክራል። ከዚያ ሥረ ቀለም ይቀባል። የብረት በር አንቲረስት ሳይቀባ ቀለም እንደማይቀባ ሁሉ ማለት ነው። ይህ ሥረ ቀለም ድብልቅ ነው፤ አንዱ ብረት የሚወድ ሙጫ፣ ሌላው ቴፍሎን። እቶን ውስጥ ሲገባ ሙጫው ወደ ብረቱ ይወርዳል፤ ቴፍሎኑ ወደ ላይ ይወጣል። በላዩ ላይ መሃለኛው ንብርብር ይደረባል። ጥሩ መጥበሻ ከሆነ እዚህ ንብርብር ውስጥ ጠንካራ የሴራሚክ ብናኝ አለ። መጨረሻ ላይ ንጹሕ ለማለት ትንሽ የቀረው ቴፍሎን ይመጣል። ሁሉም ተደምሮ ውፍረቱ ከ20 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው። ከፀጉራችሁ ይቀጥናል። ቴፍሎን የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ እቶኑ ወደ 400 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ አንዴ ከተላጠ ቤት ውስጥ የሚጠግነው ነገር የለም።

ፋብሪካው መያዝ አለመያዙን የሚፈትንበት ዘዴ ቀላል ነው፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ሽፋኑን በስለት አግድምና ቁልቁል ይሰነጥሩታል፣ እንደ ደብተር ካሬ። ከዚያ ፕላስተር ለጥፈው በአንዴ ይመነጭቁታል። ፕላስተሩ ላይ የወጣችው እያንዳንዷ ካሬ ትቆጠራለች።

የእናቴ ምጣድስ?

እናቴ ምጣዱን ከደሴ ሰኞ ገበያ ስትገዛ አብሬያት ነበርኩ። በጣቷ ጀርባ እየቆረቆረች ታዳምጣለች። ጥርት ያለ ድምፅ የሰጠውን ወሰደች። ድፍን ያለውን "ይሄ ውስጡ ተሰንጥቋል" ብላ መለሰችው።

ማሟሸቱን አይቼ አልጠገብኩም። ምጣዱ ቀይ ነው። ከሥሩ እሳቱ በትንሽ በትንሹ ይነዳል፤ ቶሎ ከጋለ ይፈነዳልና። ጎመን ዘሩ ተቆልቶ ተወቅጧል። በጨርቅ ቋጥራ ከመሃል ወደ ዳር እያዞረች ታሸዋለች። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ቀዩ መጀመሪያ ይወይባል፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል፣ በመጨረሻ ይጠቁርና ያብረቀርቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ ለቀቅ ይላል።

እዚህ የሚሆነው ነገር ከፋብሪካው ጋር ዝምድና አለው። ሸክላ ከተፈጥሮው ቀዳዳ ብዙ ነው፤ የሚቦረቡረው አያስፈልገውም። የጎመን ዘሩ ዘይት ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ሙቀቱ ዘይቱን ከፈሳሽነት ወደ ጠንካራ ስስ ሽፋን ይለውጠዋል። ብረት መጥበሻን በዘይት እያጋሉ ሲያጠቁሩትም የሚሆነው ይኸው ነው። ልዩነቱ ጥገናው ላይ ነው። ቴፍሎን አንዴ ከተላጠ አለቀ። የእናቴ ምጣድ ግን በየእንጀራው መካከል ማሰሻው በዞረበት ቁጥር ይታደሳል። ስድስት ዓመት የቆየበት ምስጢር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ገበያ ላይ ያሉት አማራጮች

በጣም ርካሹና በጣም የተለመደው ስስ አሉሚኒየም ነው። እንዲህ ነው የሚሠራው። አሉሚኒየሙ ገና ዝርግ እያለ ሽፋኑ በሮለር ይቀባል፤ ከዚያ በማሽን ተጫኖ የመጥበሻ ቅርጽ ይይዛል። ቅርጹን ሲይዝ ሽፋኑም አብሮ ይለጠጣል። በተለይ ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት መታጠፊያ ላይ ይሳሳል። የተላጠብኝ መጥበሻ እንደዚህ የተሠራ ነበር። መጥፎ ዕቃ ነው ለማለት አይደለም። በኤሌክትሪክ ምድጃ በለስላሳ እሳት ጠዋት እንቁላል ለሚጠብስ ተማሪ ገንዘቡን ይመልሳል። ከሰል ላይ ለሚጥደው ግን ወራት ነው ዕድሜው።

ይህን ዓይነቱን ሱቅ ውስጥ ለመለየት ከንፈሩን እዩት። ዝርጉ ከተቀባ በኋላ ስለሚቆረጥ ጫፉ ላይ ብዙ ጊዜ ባዶ አሉሚኒየም እንደ ነጭ ክር ዞሮ ይታያል። ውስጡም እንደ መስታወት ለስልሶ ያብረቀርቃል።

ሁለተኛው መጀመሪያ ቅርጹ ተሠርቶ፣ ከዚያ ሻክሮ፣ ከዚያ ሽፋኑ የተረጨበት ነው። ከንፈሩም አብሮ ይሸፈናል። ብርሃን ላይ ዘንበል ስታደርጉት ላዩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ትንሽ ትንሽ ያጎረበጠ ይመስላል። ብዙዎቹ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ወፍራም አሉሚኒየም የተሠሩ ናቸው፤ ከበድ ይላሉ። ወፍራም ወለል ሙቀቱን ያከፋፍላል፣ አንድ ቦታ ብቻ አይግልም፣ ቶሎም አይጎብጥም። ዋጋው ከፍ ይላል። ለቤተሰብ ለየቀኑ ወጥና ጥብስ የሚሆን ኖንስቲክ ከተባለ ምርጫዬ ይህ ነው። ሁለት ስስ ከመግዛት አንድ ወፍራም መግዛት ይሻላል።

ሌላው ከሽፋኑ በፊት አሉሚኒየሙ በኤሌክትሪክ ኃይል አሲድ ውስጥ የጠነከረ ነው። ላዩ ወደ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይለወጣል። ከተራው አሉሚኒየም በጣም ይጠነክራል፣ ጥቃቅን ቀዳዳም ስላለው ሽፋኑን ይይዛል። ውጪው ጠቆር ያለ ግራጫ ነው። ካገኛችሁት ጥሩ ነው።

"ግራናይት" እና "እብነ በረድ" የሚባሉትን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ከድንጋይ የተፈለፈሉ አይደሉም። አብዛኞቹ ነጠብጣብ ቀለም የተረጨባቸው ያው የቴፍሎን ሽፋኖች ናቸው። አንዳንዶቹ ውስጣቸው የማዕድን ብናኝ አላቸው፤ ያ ይጠቅማል። ነጠብጣቡ ግን ስለመያዙ ምንም አይነግራችሁም። ወፍራሙም ስሱም ያው ነጠብጣብ ይኖረዋል። ነጠብጣቡን ተዉትና ክብደቱንና ከንፈሩን እዩ።

ሴራሚክ የሚባለው ሽፋን ሌላ ነገር ነው። ቴፍሎን የለበትም። መሠረቱ ሲሊካ ነው፣ የአሸዋና የመስታወት ዘመድ። ፈሳሽ ሆኖ ይረጫል፤ ሲጋገር ይጠጥራል። ከብረቱ ጋር በኬሚካል ጭምር ይያያዛል፤ ስለዚህ መያዝ ላይ ደካማ አይደለም። ከፍ ያለ ሙቀትም ከቴፍሎን በተሻለ ይችላል። ድካሙ ሌላ ቦታ ነው። ሳይላጥ፣ ሳይቧጨር፣ አለማጣበቁ ራሱ ቀስ በቀስ ይጠፋል። አዲስ ሲሆን እንቁላሉ ይንሸራተታል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ መያዝ ሊጀምር ይችላል። የቴፍሎን ጭስ የሚያሰጋው ሰው ቢመርጠው እረዳዋለሁ። ዕድሜ ግን አትጠብቁበት።

ምንም ሽፋን የሌለው ብረት መጥበሻ ደግሞ አለ። ዝገት ይፈራል፣ ይከብዳል፣ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል። ለጥቂት ሳምንት በስሱ ዘይት እየቀባ የሚያግለው ሰው ግን እንደ ምጣድ ያሟሸዋል። ቲማቲም የበዛበት ሥልስ አይስማማውም፤ አሲዱ የተሟሸውን ይበላዋል። ለጥብስ ግን የሚያህለው የለም።

እሳታችሁ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ወሎ ማድቤት ውስጥ ኖንስቲክን የሚገድለው ዋናው ነገር ከሰል ነውና።

የቴፍሎን ሽፋን እስከ 260 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ሰላም ነው። ከዚያ በላይ መጎዳት ይጀምራል። ከ350 በላይ ደግሞ ራሱ ይፈራርሳል፤ የሚወጣው ጭስ ለሰው ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። ወፎችን ሊገድል ይችላል፤ ሳንባቸው ስስ ነው። ማድቤት ውስጥ ዶሮ የምታሳድሩ ይህን ልብ በሉ።

የጋመ ከሰል ከ600 ዲግሪ በላይ ነው። ባዶ መጥበሻ ላዩ ላይ ከተቀመጠ 260ን ለማለፍ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ውስጡ እርጥበት ካለ ግን ነገሩ ይለያል። ሽንኩርት ያለ ዘይት ስታቁላሉ ውሃው እስኪያልቅ ድረስ መጥበሻው ብዙ አይግልም። ወጥም እንደዚያው። የሚያስፈራው ደረቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ቡና በኖንስቲክ አትቁሉ። እባካችሁ። ቡናው ራሱ ሲቆላ ከ200 ዲግሪ ያልፋል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ቆሎም፣ የሽሮ እህል ማመስም፣ በርበሬ ማድረቅም ያው ነው። ጎረቤቴ ጋ ቡና ተጠርቼ በአዲስ ኖንስቲክ ስትቆላ አይቻለሁ። "እትዬ፣ ይሄንን ለእንቁላል ያቆዩት" አልኳት። ተነስታ የድሮውን የብረት መቁያ አመጣች። ጥቁር ነው፣ ዳሩ ጎብጧል፣ ቡናውን ግን እኩል አድርጎ ቆላው።

ቡታጋዝ ያለው ሰው እሳቱን ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ ወፍራሙ ኖንስቲክ ይሆነዋል። ለኤሌክትሪክ ምድጃ ወለሉ ዝርግ መሆን አለበት። ሱቅ ውስጥ ማስመሪያ ወይም የካርቶን ጠርዝ ወለሉ ላይ አድርጉ። ከሥሩ ብርሃን በብዛት ካለፈ ተዉት።

ኖንስቲክ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወይስ ሸክላው?

እንጀራ የሚጋገረው ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ይህ ከቴፍሎን ወሰን በታች ስለሆነ ባለ ሽፋን የአሉሚኒየም ምጣድ ለእንጀራ ሊሠራ ይችላል። ቶሎ ይግላል፣ አይሰበርም፣ ማሰሻ ብዙ አይፈልግም። ከተማ ውስጥ በቀን አሥር እንጀራ ለሚጋግር ሰው ይመቻል። የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለውን ብቻ ግዙ፤ ባዶውን እየጋለ አትተዉት፤ እንጀራውን ለማላቀቅ ቢላ አታስገቡ።

ለማሽላ ግን ሸክላውን እመርጣለሁ። የቆቦና የቃሉ ዘመዶቼ የማሽላ እንጀራ ይጋግራሉ። ቶሎ ይደርቃል፣ ዳሩ ይሰነጠቃል። ሸክላው ሙቀቱን በዝግታ ስለሚሰጥ እነሱም እኔም ውጤቱን እንወደዋለን። ጤፍም ቢሆን ዓይኑ የሚያምረው ሸክላ ላይ ነው ባይ ነኝ። ይህ የእኔ ምርጫ ነው።

ከገዛችሁ በኋላ

ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ጥቃቅን ቀዳዳ አያጣም። ጨውና አሲድ ያለው ውሃ በዚያ ያልፋል፤ አሉሚኒየሙን ከሥር ይበላዋል። ከዚያ ሽፋኑ እንደ ውሃ ቋጠሮ ያብጣል፣ ይላጣል። ሽሮና የቲማቲም ሥልስ ኖንስቲክ ውስጥ አታሳድሩ። ጨውም ባዶው ላይ ሳይሆን ምግቡ ላይ ይጨመር።

የጋለ መጥበሻ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ። በተለይ ደሴ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ የቧንቧው ውሃ በረዶ ነው። ቴፍሎን በሙቀት የሚለጠጠው ከአሉሚኒየም በብዙ እጥፍ ነው። በአንዴ ሲቀዘቅዙ እኩል አይሸማቀቁም፤ በየጊዜው መያዣቸው ይላላል፣ ወለሉም ይጎብጣል። መጀመሪያ ራሱ ይቀዝቅዝ።

የእንጨት ማማሰያችን ለዚህ የተፈጠረ ነው። ሹካና የብረት ጭልፋ ይራቅ። የብረት ሽቦም እንደዚያው፤ ለስላሳ ስፖንጅ ይበቃል።

የድሮ ኖንስቲክ ያላችሁ ስለ ፒኤፍኦኤ ሰምታችሁ ይሆናል። ቴፍሎን ሲመረት ይረዳ የነበረ ጎጂ ኬሚካል ነው። ትልልቆቹ የዓለም አምራቾች በ2015 እ.ኤ.አ. እንዲያቆሙት ተስማምተው ነበር፤ በ2019 በስቶክሆልም ስምምነት ተካቷል። ሲገዙ ካርቶኑ ላይ ከዚህ ነጻ መሆኑ የተጻፈበትን መምረጥ ጥሩ ነው። ምግብ ውስጥ የገባች የቴፍሎን ልጣጭ ግን ሰውነት አይፈጫትም፣ እንደገባች ትወጣለች። ልጆቼ በልተውባታል ብላችሁ አትደንግጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው መጥበሻው መያዝ ሲጀምር ሽፋኑ ያለቀ መስሎት ይጥለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ላዩ ላይ የተቃጠለ ዘይትና የቅቤ አተላ ቡናማ ሆኖ ተጋግሮ ነው። ውሃና አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምራችሁ ለአሥር ደቂቃ በለስላሳ እሳት አፍሉት። ሲቀዘቅዝ በስፖንጅ እሹት። ቡናማው ለቆ ጥቁሩ ከወጣ መጥበሻው ገና ብዙ ይሠራል። ነጭ አሉሚኒየም ብልጭ ካለ ግን ሥራው አብቅቷል፤ እኔ የእኔን አሁን ጓሮ ለዶሮዎቹ ውሃ ማጠጫ አድርጌዋለሁ።